«ያስታውቃል» የምትለው ዕድላዊት

የድራማን መጨረሻ ሳትናገር ማደር የማይሆንላት አንዲት ሴት የሌለችበት ቤተሰብ የለም። ሰበታ ላይ የደረሰችን ዕድላዊት ናት፤ ሹሩባ ሠሪዋ፣ የማንም ወንጀለኛ የማያመልጣት ክብርት መርማሪ።

በምትሠራበት ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን አለ። ተከታታይ ድራማው ሲጀምር ዕድላዊት ማበጠሪያዋን ወደ ላይ ታነሳና፣ «ገዳዩ ሹፌሩ ነው። ያስታውቃል!» ትላለች። አንድ ቀን ወርቅቱ የምትባል ደንበኛ ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ ብድግ አለች። «ያ ዋቃ! አራት ወር ሙሉ የጠበቅኩትን!» ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ዕድላዊት ምንም አልመሰላት። ለነገሩ ገዳዩ ሹፌሩ ሆኖ ተገኘ። ክፋቱም እሱ ነው፤ አትሳሳትም።

በዚያ ሰሞን የሰበታ ልጃገረዶች በቴሌግራም በሚወጣ አንድ ልብ ወለድ ተይዘው ነበር። ደራሲዋ ስሟን አትገልጽም። ታሪኩ የሁለት ጠንቋይ እህትማማቾች ነው። ከሱሉልታ ማዶ ባለች አንዲት መንደር የልጃገረዶች ድምፅ በየተራ ይጠፋል፤ ማታ ስትዘፍን ያመሸች ጠዋት ዲዳ ሆና ትነሳለች። እህትማማቾቹም ሌባውን ፍለጋ ይወጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ክፍል ይለቀቃል፤ ዕድላዊትም ደንበኛ አስቀምጣ ታነባለች። ወደደችው። የወደደችውን ነገር ደግሞ ዝም ብላ መውደድ አትችልም። አምስተኛው ክፍል እንደወጣ ከሥሩ ጻፈች፦ «ሌባዋ ታላቅየዋ ናት። ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ያስታውቃል። ደራሲዋ ገና ልጅ ሳትሆን አትቀርም።»

አንባቢው ተንጫጫ። ገሚሱ ሰደባት፣ ገሚሱ «እውነትም!» እያለ ሳቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም አልወጣም። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜም። በሦስተኛው ቻናሉ ራሱ ጠፋ።

ቤት ውስጥ ታናሽ እህቷ ሉሲ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ምግብ እየተወች መነሳት ጀምራ ነበር። ዕድላዊት «የፈተና ጭንቀት ነው» ብላ ደመደመች። እናታቸው ካረፉ ጀምሮ ልጅቷን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ፀጉሯን ስትሠራላት የልቧን አውቃለሁ ባይ ናት።

ከወራት በኋላ ተጂ ያለችውን አክስታቸውን ጠይቀው በሚኒባስ ሲመለሱ፣ ዕድላዊት ወሬ ለማምጣት ያህል፣ «ያቺ የጠንቋዮቹ ደራሲ ግን ምን ነክቷት አቆመችው?» አለች።

ሉሲ ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም። «አስተያየትሽን አንብቤ» አለች።

ዕድላዊት ወደ እህቷ ዞረች።

«አንቺ? ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«መጨረሻው ላይ ልነግርሽ ነበር።»

ይቅርታ መጠየቅ ፈለገች። በይቅርታው ፈንታ ግን፣ «ታላቅየዋ… ለምን ነበር የሰረቀቻቸው?» አለች።

ሉሲ ዞር አለች። «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ከምንጩ የሚወጣ አንድ ነገር ልጃገረዶቹን በስማቸው ይጠራል፤ «አቤት» ያለች አትመለስም። ታላቅየዋ «አቤት» እንዳይሉ ድምፃቸውን እየወሰደች በገዛ ጉሮሮዋ ትደብቃለች። በመጨረሻ ተራው የታናሿ ይሆናል፤ ጉሮሮዋ ግን ሞልቷል። ለእህቷ ድምፅ ቦታ እንዲገኝ የራሷን አውጥታ ወንዝ ትጥላለች።

ዕድላዊት ይህን አልገመተችም። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ጻፊው። በሞቴ፣ ሉሲዬ! ትንፍሽ አልልም።»

«ለማን ብዬ? ላንቺ ነበር እኮ የምጽፈው። ይኸው ሰማሽው።»

በቁጣ አልነበረም ያለችው፤ እንዲያውም ጭንቅላቷን እህቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ነው። ዕድላዊትን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ረዳቱ «ሰበታ ወራጅ አለ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ከሁለቱም መልስ ስላላገኘ ታክሲው ሰበታን አልፎ በፉሪ አቅጣጫ ይዟቸው ነጎደ።