ጄኔሬተሩና የአባባ ምርቃት

በእኛ አገር ማንም ሳይማር የሚመረቅባቸው ሁለት ሙያዎች አሉ፤ ሕክምናና መካኒክነት። ራሴን አመመኝ በሉ፤ ዳማከሴ የማያዝላችሁ የለም። ሞተር አልነሳ አለኝ በሉ ደግሞ፣ ከጋሪ በቀር ምንም ያልነዳ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመጣና “ካንዴላው ነው” ይላችኋል። እሳት የምትጭር ያቺ ትንሽ ዕቃ በሌለችበት ሁሉ ስትከሰስ የምትኖር ምስኪን ናት።

ይህን ያየሁት አምቦ፣ በእህቴ በሌንሳ ሠርግ ነው። የዚያን ጊዜ መብራት እንደ ባለሥልጣን ነበር፤ ሲፈለግ አይገኝም። ሌንሳ ከባሏ ጋር ደምቢ ዶሎ ልትገባ ነውና ከሠርጉ ሁሉ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባባ ሲመርቃት ድምፁ በቪዲዮ እንዲቀረጽላት። ሲናፍቀኝ እየከፈትኩ እሰማዋለሁ ብላ አልቅሳብኛለች። የቪዲዮ ቀራጩ ካሜራ ባትሪው ስለደከመ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። እኔ ወንድምየው ጄኔሬተር ተዋስኩ፣ ነዳጅ ሞላሁ፣ ገመዱን ሳብኩ።

ጡፍ አለና ዝም። ደግሜ ሳብኩ፤ ጡፍ እንኳን ቀረ። ክንዴ ሊገነጠል ደረሰ እንጂ እሱ ወይ ፍንክች!

ይሄኔ ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ ደረሰ። ልጃገረዶቻችን በር ላይ ቆመው እንደ ወጉ “አናስገባም ሰርገኛ” ይላሉ። እባካችሁ እስኪነሳልኝ አርዝሙልኝ ብዬ ላክሁባቸው። አናስገባም እንደዚያ ቀን ከልብ ተብሎ አያውቅም። የሙሽራው ወገኖች ልጅቷን ሊከለክሉን ነው እንዴ ብለው መተያየት ጀመሩ።

እኔ ዘንድ ደግሞ መካኒኩ ጎርፏል። ጎረቤታችን የፊዚክስ መምህር፣ ነዳጅ በዝቶበት ነውና ይረፍ አሉ። ከሸነን የመጣው አጎቴ ኦቦ ዱጉማ፣ አልነሳ ያለ በሬ ጅራቱ ሲጠመዘዝ ይነሳል አለና የሚጠመዘዝ ነገር ፍለጋ ዙሪያውን ዞረ። ካንዴላዋ ተፈታች፣ ተጠረገች፣ ታሰረች። በመጨረሻ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ምን ላድርግ?

ልጃገረዶቹ ድምፃቸው ሲዘጋ ሠርገኛው ገባ። ጉዱ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። ከእንጭኒ የመጡት የሙሽራው አያት ብርጭቋቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፣ አሸተቱ፣ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሱና ልታቃጥሉን ነው ወይ የጠራችሁን ብለው ጮኹ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ቤት ጴንጤ ነው፤ ጠጅ የለም። እንግዳ የሚከበረው ከምንጩ በቢጫ ጀሪካን በተቀዳ፣ አፍንጫ በሚኮረኩር የአምቦ ውኃ ነው። ቤንዚኑም የመጣው በቢጫ ጀሪካን ነበር። ጉንፋን የደፈነው አፍንጫዬ የቱን ከየቱ ይለይ? ለጨጓራ ፍቱን የሆነውን ውኃ ለጄኔሬተሩ አጠጥቼ፣ ቤንዚኑን ለአማቾቻችን አስቀርቤያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ይቅርታ ተጠየቀ፣ ብርጭቆ ተለወጠ። ውኃውን ደፋን፣ ካርቡራተሩን ፈትተን አደረቅን፣ ቤንዚን ሞላን። ሳብኩ። ተነሳ! እልልታው ለሙሽሪት ከተባለው ይበልጥ ነበር።

አባባ ሊመርቅ ቆመ፤ ካሜራው በራ። ታዲያ የኤሌክትሪክ ገመዱ አጭር ስለሆነ ጄኔሬተሩ የሚጮኸው ከአባባ ጀርባ፣ ከዳሱ ሸራ ማዶ ነው። ሽማግሌዎቹ “ማሎ፣ አጥፉልን!” እያሉ በእጃቸው ይለምኑኛል። ባጠፋው ካሜራው ይሞታል፤ ባላጠፋው ድምፁ አይሰማም። አባባ እንደሆነ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ ጀምሯል። ምርቃት ማን ያቋርጣል? እጁ ከፍ ባለ ቁጥር ለምን እንደሆነ ሳናውቅ “አሜን!” አልን።

ሌንሳ ከመሄዷ በፊት ካሴቱ ደረሰና ቤተሰቡ ተሰብስቦ ከፈተው። አባባ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን ትትትትትት ብቻ ነው። እህቴ እንባዋ መጣ፤ እኔ እግሬን እግሬን አየሁ። ቢቸግራት ወደ አባባ ዞራ፣ ማሎ አባባ፣ ለመሆኑ ምን ብለህ ነበር የመረቅከኝ ብላ ጠየቀችው።

አባባ ራሱን እያከከ ትንሽ አሰበና፣ እኔስ የት ሰምቼው ልጄ አላት።