የማተሚያ ቤቱ ነቢይት

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቤት ሁሉ አንድ ነቢይ አይጠፋም። አብዛኛው ነገር ካለፈ በኋላ ብቅ ብሎ “እኔ ብዬ ነበር” የሚል ዓይነት ነው፤ እሱ ያናድዳል እንጂ አያስፈራም። የሚያስፈራው ነገሩ ከመድረሱ በፊት ተናግሮ፣ ከደረሰ በኋላ ጭጭ የሚለው ነው።

የማተሚያ ቤቱ ነቢይት የጽሑፍ አራሚዋ ነበሩ። ቀጭን፣ ስልሳ ያለፋቸው፣ ቀይ እስክሪብቶ ጸጉራቸው ውስጥ ሰክተው የሚውሉ ሴት። ፊት ለፊት “እትዬ”፣ ዞር ሲሉ ደግሞ “ክብርት ነቢይት” ይባላሉ። ትንቢታቸው ሁሌ የሚጀምረው በአንድ አነጋገር ነው፦ “እኔ ምን አውቄ! ብቻ…”

ያቺ “ብቻ” ናት ሰውን የምታስጨንቀው።

የንብረት ክፍሏ ልጅ ለሠርጓ ሦስት መቶ የጥሪ ካርድ ልታሳትም ስትል “እኔ ምን አውቄ! ብቻ ለጊዜው ሃያ ይበቃሻል” አሏት። ሠርጉ ቀረና ሃያውም ተረፈ። የማሽን ሠራተኛውን “እኔ ምን አውቄ! ብቻ ዛሬ እጅጌህን ሰብስብ” ቢሉት እየሳቀ ሰበሰበ። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ የባልደረባውን እጅጌ እስከ ትከሻው ቀዶ ወሰደው፤ ክንዱ ለጥቂት ተረፈች። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አንድ ቀን ቢሯቸው አስጠርተው፣ በሩን ዘግተው፣ “ለመሆኑ እዚህ ወንበር ላይ እቆያለሁ?” ብለው ጠየቋቸው። “እኔ ምን አውቄ” አሉ ነቢይቱ፤ “ብቻ” ሳይሉ ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ያቺን የቀረች ቃል ሲጠብቁ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጡ።

በዚህ ሁሉ የማያምነው ገጽ አቀናባሪው ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ከነቢይቱ ፊት ለፊት ነው። “ሴትዮዋ ሰውን ያያሉ፤ አለቀ” ይላል። “የዚያች ልጅ እጮኛ አንድ ቀን እንኳ በር ድረስ መጥቶ ያውቃል? ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።” እንዲህ ይበል እንጂ፣ የሴትዮዋ ዓይን ፊቱ ላይ ሲቆይ የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ የሚቆጥረው ራሱ ነው።

በዚህ መሀል አንድ ሽማግሌ መምህር ሠላሳ ዓመት የደከሙበትን ጽሑፍ በሁለት እጃቸው ታቅፈው መጡ። ስለ ጥንት ዕብራውያን ጠቢባን ነው። “ነቢይ ‘ሰማሁ’ ይላል፤ ጠቢብ ‘አየሁ’ ይላል” ሲሉ ለገጽ አቀናባሪው አስረዱት። “ሰዉ ሁለቱን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። እኔ የምለው፣ የሰጣቸው አንድ ነው። ጠቢቡም አተኩሮ አይቶ አይቶ፣ መጨረሻ ላይ ማንም ያላሳየውን ያያል።”

በሌላ ቀን ሲመለሱ ነቢይቱ ከሚያርሙት ረቂቅ ቀና አሉ። “መምህር፣ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል። ዓለም ሳይፈጠር ጥበብ ከፈጣሪ ጋር ነበረች ለማለት ነው የፈለጉት። እንዲህ ከተተወ ግን ጥበብ ራሷ ፈጣሪ ልትሆን ነው።”

መምህሩ ወረቀቱን ነጥቀው አዩና ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነቢይቱን ሳያማክሩ አንድ ነጥብ አያኖሩም ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ነቢይቱ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እኔ ምን አውቄ! ብቻ ይህ መጽሐፍ ከዓርብ ማለፍ የለበትም” አሉ።

“ምነው እትዬ? መምህሩ እኮ መቅድሙን እንኳ አልጨረሱም።”

“ይጨርሱ።”

ገጽ አቀናባሪው ማጅራቱን አንድ ነገር ቀዘቀዘው። አንዲትን ገጽ ሦስት ጊዜ ሳያነቡ የማይለቁ ሴት ችኮላን ከየት አመጡት?

ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ቤቱን አዳረሰ፤ የሁሉም ዓይን መምህሩ ላይ አረፈ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ያስላቸዋል። በማግስቱ ሲመጡ ጥበቃው በሁለት ክንዳቸው ይዞ ደረጃውን አወጣቸው። የንብረት ክፍሏ ልጅ ትራስ አመጣችላቸው። የማሽን ሠራተኛው ጨብጧቸው እጃቸውን አልለቅ አለ።

“ምን ሆናችኋል?” አሉ መምህሩ ግራ ገብቷቸው። “ሞቻለሁ እንዴ?”

የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከሁሉም አብልጦ የሠራው ያ የማያምነው ገጽ አቀናባሪ ነው። ምሳውን እንኳ ተወ። ሽማግሌው መጽሐፋቸውን ሳይጨብጡ እንዳይሄዱ ፈራ። ሐሙስ ዕለት አላስችል አለውና “እትዬ፣ ሰውየው ያውቃሉ?” ሲል ጠየቀ።

“ምኑን?”

“የዓርቡን ነገር።”

ነቢይቱ በጆሮው አጠገብ አልፈው ግድግዳውን የሚያዩ መሰሉ። “አያውቁም። እንዲያውቁም አልፈልግም።”

ዓርብ ረፋድ ላይ የመጀመሪያው ቅጂ ሙጫው ሳይደርቅ ወጣ። መምህሩ ተቀበሉት፣ አሸተቱት፣ አለቀሱ፣ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወረዱት። ሠራተኛው ሁሉ መስኮት ላይ ተደርድሮ መንገድ ሲሻገሩ ያያል። አንድ የጭነት መኪና መጣ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። መኪናው ቆሞ አሳለፋቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ተደወለ። መምህሩ ናቸው፤ ድምፃቸው እንደ ደወል ይጮኻል። “ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፏል!”

ሌላው ሰው በደስታ ጨፈረ። ገጽ አቀናባሪው ግን መቶ አሥራ ሁለትን ገለጠ፤ እውነት ነው። ነቢይቱ ስህተት አሳልፈው አያውቁም። ወደ ጠረጴዛቸው ዞረ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ መነጽራቸው ታጥፎ ተቀምጧል።

አድራሻቸውን ጠይቆ ሄደ። በሩን እህታቸው ከፈቱለት። ነቢይቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ተቀምጠዋል፤ ሲገባ ግን ዘወር አላሉም።

“ትናንት ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ጠፋ” አሉ፣ ስለ መብራት የሚያወሩ ይመስል። “ቀስ በቀስ እንደሚሄድ አውቄ ነበር። ሐኪሙ ገና ዓመት ይቆያል ነው ያለኝ።”

“ታዲያ ዓርብ መሆኑን በምን አወቁ?”

እጃቸውን ዘርግተው የሻይ ስኒያቸውን በዳበሳ ፈለጉ።

ያኔ ሁሉም ነገር መጣበት፦ ገጹን አዘንብለው ማንበባቸው፣ ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳውን በመዳፋቸው መዳበሳቸው። ያን ሁሉ ሳምንት ሃያ ሰው ዓይኑን አፍጥጦ ሽማግሌውን ሲጠብቅ ነበር። “ማናችንም እኮ አላየንዎትም” አለ።

“መጽሐፉን ጨረስኩት አይደል?” አሉ። “እሱን ብቻ ነበር የለመንኩት።”

ከዚያ ወዲህ ገጽ አቀናባሪው ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ያልታረሙ ገጾች ይዞ ወደ እሳቸው ይሄዳል። እሱ ያነባል፤ እሳቸው ያርማሉ። ለጠየቀው ሁሉ “ለሥራ ነው” ይላል። ጉንፋን ይዟቸው ሳይሄድ የቀረባት አንዲት ሐሙስ ግን እንዴት እንደመሸችለት አያውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ሲያነብላቸው ነበር። “…ድልድዩን ሰራ” ብሎ ሊያልፍ ሲል እጃቸውን አነሡ።

“ቆይ። የጻፉት በእሳቱ ሰ ነው። በንጉሡ ሠ ይሁን።”

ወረቀቱን አየ። በእሳቱ ሰ ነው የተጻፈው። ሁለቱ ፊደሎች ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ማንም ሲነበቡ ሊለያቸው አይችልም። የክንዱ ጸጉር ቆመ።

“እንዴት አወቁት እትዬ?”

“አትደንግጥ ልጄ። እዚያ ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅህ ተደናቀፈ። ስህተቱን ዓይንህ አየው፤ እኔ ካንተ ሰማሁ” አሉ ፈገግ ብለው።

ዓይኑ ግን ምንም አላየም ነበር። እሳቸው እስኪናገሩ ድረስ ፊደሉን ልብ እንኳ አላለውም።

ይህን አልነገራቸውም። ፊደሉን አረመ፣ ወንበሩን ትንሽ ወደ እሳቸው አስጠጋና ካቆመበት ቀጠለ።