ሦስት ጊዜ «አለሁ»

ሰው ዝም ብሎ አይፈራም ወዳጄ፤ ተርጉሞ ነው የሚፈራው። አታምነኝም? ስማኝማ።

ጎባ ያኔ ምን ከተማ ነበረች? በእሾህ የታጠሩ ጥቂት ጎጆዎች፣ ውስጣቸው ከሰሜን የዘመትን እኛና ሚስቶቻችን። ነፍጡ የኛ፣ አገሩ የሰው። ታዲያ የሚፈራው ማን ነበር? እኛ! እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኛ ግን እባቡንም አላየን።

ከአጥራችን በታች ካለው ወንዝ ማዶ አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት ከብቱን ጨዋማ ውሃ ሊያጠጣ ይመጣል። በአገሩ ቋንቋ «ናን ጂራ!» ብሎ ያዜማል። ዝም ይላል። ደግሞ «ናን ጂራ!» ይላል። ሦስቴ። የጊኒሩን ነጋዴ ሼህ አደምን ጠየቅናቸው። «አለሁ ነው የሚለው፤ ወላሂ ሌላ የለውም» አሉን።

አብረውን የዘመቱት መሪጌታ እንግዳ ግን ቅኔ የዘረፉ ሰው ናቸው፤ በዚህ ይለፉት? ሰሙ ይህ ከሆነ ወርቁ የታለ አሉ። አንዴ የተባለ ነገር በከንቱ አይደገምም። የፊተኛው «አለሁ» አገሩ የኔ ነው፤ ሁለተኛው ጦሬ ተስሏል፤ ሦስተኛው መጣሁላችሁ ነው! እርጉዟ ሚስቴ ይህን ስትሰማ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አለቃችን ባላምባራስም ወደኔ ዞረው፣ ነገ ሦስተኛውን ሳይል ድፋው አሉኝ።

በነጋታው ውጅግራ ጠመንጃዬን ይዤ በሣሩ ውስጥ ተሳብኩ። ሰውየው መጣ። ዓይኑ ከአጥራችን አይነቀልም። «ናን ጂራ!» ሲል ከሱ በስተኋላ ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር ልጅ ያዘለች ሴት ቀና ብላ አየችው፤ አየችውና ጭራሮ ለቀማዋን ቀጠለች። ዝም ሲል እጇ ይቆማል። ደግሞ ሲያዜም ትለቅማለች። ለካ «እስካሁን አልገደሉኝም» እያላት ነው! የሚፈራው እኛን ነው!

ሦስተኛውን ሊል አፉን ሲከፍት አፈሙዜን አየ። ዝም አለ። ሴትየዋ ልጇን እንዳዘለች ጫካ ገባች። በምን አንጀቴ ልተኩስ? አፈሙዜን ዝቅ ሳደርግ እሱም ከብቱን እየነዳ ተከተላት።

እፎይ ልል ስል አጥራችን ውስጥ ኡኡታው ቀለጠ። «ዜማው ተቋረጠ፣ ጦሩ መጣ፣ በሩን ዝጉ!» ይላሉ። በአጥሩ ቀዳዳ ሁሉ አፈሙዝ ወጣ፤ ሁሉም እኔ ወዳለሁበት ሣር። ምን ልበል?

«አለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «አለሁ! ኧረ አለሁ!»

ከውስጥ የመሪጌታ ድምፅ ተሰማ፦ «ቆዩ፣ እንዳትከፍቱ! ሦስቴ ያለው ለምንድን ነው?»