የዳማ አንገት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለባሌም ጭምር። ትልቅ ነገር ሆኖ አይደለም። ግን ሸዋሮቢት ውስጥ የምታስተምር፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ሴት ውሻ አቀፈች ቢባል እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሰው የሚወደውን ሁሉ ይዳብሳል ብለው የሚያስቡ አሉ። እኛ ሰፈር ውሻ ትራፊውን በደጅ ይበላል፣ ከበቆሎው ማሳ ጦጣና ከርከሮ ያባርራል። ሶላት ስላለብን ግን አንነካካውም። ዳማ የምንለው ውሻችን በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም። በየቤቱ እየዞረ እየበላ ምን ቅር ይለዋል!

ታዲያ አንድ ቀን ለእንስሳት የምትቆረቆር ፈረንጅ መጣችና፣ እንግሊዝኛ ታውቃለች ተብዬ አስተርጓሚ ሆንኩ።

"ባለቤቱ ማነው?" አለች።

"የሰፈሩ ነው" አሉ ጎረቤታችን ጋሽ ይማም።

ሴትዮዋ አዘነች። "እንግዲያው ባለቤት የለውም።"

ወረቀት የሌለውን መሬት ባዶ ነው እያሉ የወረሱ አያቶች ላሏት ሴት፣ ማሰሪያ የሌለው አንገትም ባዶ ቢመስላት አልፈርድባትም። ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል አለች። ማሰሪያ ያለው ውሻ ይቀራል፤ የሌለው አዲስ አበባ ይወሰድና የሚወደው ሰው ይፈለግለታል። ይህን ተረጎምኩላቸው።

"ውሃ የምንቀዳበት ቦኖስ የማን ነው በያት!" አሉ ሌላዋ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ። "እሱንም ነቅላ ጭና ትሂድ!"

ይህን አልተረጎምኩም።

"እሺ፣ ማን ያስርለታል?" አለች ፈረንጇ።

"አስተግፊሩላህ! ለሶላት ታጥቤ፣ ውዱእ አለኝ እኮ" አሉ ጋሽ ይማም። ሁሉም እጁን ወደ ኋላ አደረገ። እኔም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አሮጌ ሻሼን ይዤ ወጣሁ። ዳማ ከማሳው ጥግ ተኝቷል፤ አንገቱ ባዶ ነው። አሰርኩለት። እጄን እስከ ክርኔ ላሰኝ። ልሄድ ስል፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ አቀፍኩት።

የውሻ ምራቅ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው። ቦኖው ጋ ሮጥኩና አፈር ቆፍሬ ማሸት ጀመርኩ። ጋሽ ይማም ደረሱ። ሰላም እንኳ ሳይሉ ከአፈሬ ዘግነው እጃቸውን ያሹ ጀመር። ከኋላቸው ዳማ መጣ፤ ከሻሼ በላይ የሽርጥ ቅዳጅ ታስሮበታል። እኔ ሰማዩን አየሁ፤ እሳቸው መሬቱን።

መኪናው መጣ። ሴትዮዋ የዳማን አንገት አይታ፣ ፍቅር ስላስተማረችን እንባ አውጥታ አለቀሰች። ፎቶ አንስታው ሄደች።

በመጨረሻ እትዬ ከድጃ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ደረሱ። ዳማ አንገት ላይ አሁን ሦስተኛ ማሰሪያ ተጨምሮ ነበር፤ የቀሚስ መቀነት።

"ምን ታዩኛላችሁ?" አሉ። "ቦኖው የሰፈሩ አይደለም እንዴ?"

አፈሩን ጠጋ አደረግኩላቸው።