ጋሽ ቶላ ዳማ ላይ የተሳፈሩ ዕለት

ስለ ፈረስ አብዝተው የሚያወሩ ሰዎች ፈረስ የሌላቸው ናቸው። ልጅ እንዴት እንደሚያድግ የሚመክሩኝም ብዙውን ጊዜ ያልወለዱት ስለሆኑ ይሄ ብዙም አይገርመኝም። ጎረቤታችን ጋሽ ቶላ ፈረሳቸውን ዳማን ኮርቻ ሊያለምዱት ነው የተባለ ዕለት ግን፣ ከአማካሪው ብዛት የተነሳ፣ አቃቂ እኛ ሳናውቀው የፈረሰኞች አገር ኖራለች እንዴ አሰኝቶኛል። አንዱ ዓይኑን ሸፍኑት ይላል፣ ሌላው ጆሮውን ያዙት ይላል። ሃምሳ አለቃ ዘለቀ ደግሞ ከሁሉም ይብሱ ነበር። ሃምሳ አለቃ ጡረተኛ ናቸው። በወጣትነታቸው በፈረስ እንደዘመቱ ይነግሩናል፤ የት እንደዘመቱ ግን በየወሩ ይለያያል።

ጋሽ ቶላ ኮንዶሚኒየሙ ከመቆሙ በፊት፣ ቦታው ጤፍና ሽንብራ ሲዘራበት የነበሩ የአገሩ ሰው ናቸው። እርሻው ሲቀር ጋሪ ገዙ፤ ለጋሪው ደግሞ ዳማን ገዙ። ቀይ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከመልኩ ነው። ጥርሱን ያዩ ሰዎች አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም ይላሉ፤ በፈረስ ዕድሜ እኔና እሱ እኩያ ነን ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ሰው፣ ስንት ጆንያ፣ ስንት ሙሽራ ጎትቷል! ጀርባው ላይ ግን አንድም ፍጡር ወጥቶበት አያውቅም። ለዳማ ሸክም ማለት ከኋላ የሚከተል ነገር ነው።

ታዲያ በስተርጅና ኮርቻ ምን አመጣው? አስፋልት ነዋ! አዲሱ መንገድ ሲያልቅ ጋሪ ዝር እንዳይልበት ተባለ። የጋሽ ቶላ ጋሪ ግቢ ውስጥ ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ሆነ። ማርያም ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ድንጋይ ከበዛበት ዳገት በላይ ነች። ባጃጆቹ "ጎማ ይጨርሳል" ብለው አይወጡትም። በዚያው ዓመት የጋሽ ቶላ ጉልበት እምቢ አለ። ሰውን ሁሉ ወደ ማርያም ሲያደርሱ የኖሩት ሰው ራሳቸው የሚያደርሳቸው አጡ። "የሄለን እናት፣ ሳልሳለማት ዓመት ሊሞላኝ ነው እኮ" ብለው አንድ ቀን በር ላይ ነገሩኝ። ልጃቸው በበኩሉ፣ ሥራ የሌለው ፈረስ ምን ይቀለባል፣ እንደሌሎቹ ወደ መንገድ አውጥተን እንልቀቀው ማለት ጀምሯል። እንደሌሎቹ ሲል፣ አስፋልት መሃል ተገትረው መኪና እስኪገጫቸው የሚጠብቁትን አሮጌ ፈረሶች ማለቱ ነው። ስለዚህ ጋሽ ቶላ ቆረጡ። ለኅዳር ጽዮን ዳማ ጀርባው ላይ አስቀምጦ ማርያም ያደርሳቸዋል። ካደረሳቸው ቀለቡ አይቋረጥም። ካላደረሳቸው እሳቸውም ቤት፣ እሱም መንገድ ላይ ቀሩ።

እኔ ያንን መንገድ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሄለን የአሥረኛ ክፍል ፈተና እንድታልፍልኝ ስሳል፣ በየወሩ በሃያ አንድ በእግሬ መጥቼ እሳለምሻለሁ ነበር ያልኩት። አለፈች። ይኸው ሰባት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ሳያነሳ አያሳልፍም፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ። ትሕትና ይመስላል።

ወደ ዳማ ልመለስ። ሰው ትዕግሥተኛ ነሽ ይለኛል። ከጋሽ ቶላ አጠገብ ሦስት ወር ከቆምኩ በኋላ ግን፣ እኔ ቀርፋፋ እንጂ ትዕግሥተኛ እንዳልሆንኩ ተረዳሁ። የመጀመሪያው ቀን ከእኔ ቤት የወሰዱትን አሮጌ ብርድ ልብስ ይዘው ዳማ አጠገብ ቆሙ። አላለበሱትም፤ ቆሙ ብቻ። በማግሥቱ አስሸተቱት። እንዲህ ሲሉ ሰነበቱና በሳምንቱ የብርድ ልብሱን ጫፍ ጀርባው ላይ ሲያሳርፉ፣ ዳማ ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ተንቀጠቀጠ፤ ዘሎ አጥሩን ሊጥሰው ምንም አልቀረው። ሃምሳ አለቃ በአለንጋ ነው እንጂ ብለው ጮኹ። ጋሽ ቶላ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ፣ "ጀርባው ላይ የሚወጣ ነገር ለእሱ ጅብ ነው። አንቱ ጅብ ወጥቶብዎት ሳለ በአለንጋ ቢመቱዎት ዝም ይላሉ?" አሏቸው። ሃምሳ አለቃ ጅብ ላይ ስለዘመቱበት ጊዜ ሊያወሩ ጀምረው ተዉት።

አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ማንም ለዳማ በእጁ ምግብ እንዳይሰጥ። ወዶ ይቀበለኝ እንጂ በዳቦ ተገዝቶ አይሆንም አሉ። እሺ አልን። ዳማ ግን ባየኝ ቁጥር አፍንጫውን ነጠላዬ ውስጥ ይከታል። እኔም ፈጠን ብዬ ዘወር እላለሁ።

ከብርድ ልብሱ በኋላ የገለባ ጆንያ መጣ፤ ቀጥሎ ግማሽ ጆንያ ስንዴ፤ ቀጥሎ ከዘመድ የተዋሱት ኮርቻ። ኮርቻው ሆዱ ላይ ሲታሰር ዳማ ዞር ብሎ ጋሽ ቶላን ያየበት አስተያየት ነበር፤ እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሰን እንዲህ እንሆን የሚል። ጋሽ ቶላም አንገቱን እያሻሹ በኦሮምኛ የሚያወሩትን ያወሩት ነበር። ምን እንደሚሉት አልጠየቅሁም። ባልና ሚስት ሲያወሩ ጣልቃ ይገባል እንዴ?

ጥቅምት ሲጋመስ ሰው የሚወጣበት ቀን ደረሰ። የጋሽ ቶላ ጉልበት መውደቅን ስለማይችል፣ ሃምሳ አለቃ ራሳቸውን ለአገር ሰጡ። በርጩማ ላይ ቆመው ወጡ። ሰፈሩ በሙሉ ፈረሱ አሽቀንጥሮ የሚጥልበትን አቅጣጫ እየገመተ ዳር ዳሩን ያዘ። ዳማ ግን አልዘለለም። አልተንቀጠቀጠም። ምንም አላደረገም። ሃምሳ አለቃ ልጓሙን ሳቡ፣ "ቼ!" አሉ፣ በእግራቸው ጎኑን ነካ ነካ አደረጉ። ዳማ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ አንድ እግሩን አሳርፎ፣ ቆመ። ጥላው ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው አጥር ዞረ። ሃምሳ አለቃ ከላይ ሆነው ፈረሱ ደንቆሮ መሆኑን ፈረዱ። የጋሽ ቶላ ልጅ "አላልኳችሁም!" አለ። ጋሽ ቶላ ፊታቸው ጠወለገ።

እኔ ግን ያንን አቋቋም ከየት ነው የማውቀው እያልኩ ነበር። ከዚያ ብልጭ አለልኝ። ለዓመታት ፌርማታ ላይ ተቀምጬ ያየሁት አቋቋም ነው! ያ ጋሪ ሦስት ሰው ሳይሞላ ተነቃንቆ አያውቅም።

"ጋሽ ቶላ፣ ዳማ እኮ እስኪሞላ እየጠበቀ ነው" አልኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ቶላ አልሳቁም። ቀስ ብለው ቀረቡ። ጋሪው ሲሞላ ጎኑን በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ አድርገው "ዴሚ!" ይሉ ነበር፤ ሂድ ማለታቸው ነው። አሁንም ኮርቻውን ሁለቴ መታ መታ አደረጉና "ዴሚ!" አሉ። ዳማ ዓይኑን ገልጦ፣ ጥሎት የነበረ ሥራ እንደታወሰው ሰው መንገዱን ጀመረ። ሃምሳ አለቃ አንገቱን አቅፈው ቀሩ። ያ ሁሉ አማካሪ ሲፈላሰም፣ ፈረሱ ለካ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ከሄደ ባለቤቱ እንዳይከስር ነበር የሚጨነቀው!

ኅዳር ጽዮን ደረሰ። ጋሽ ቶላ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ባለቤቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል፣ ሃምሳ አለቃ ከፊት ሆነው ሚኒባሶቹን በእጃቸው እያስቆሙ አስፋልቱን ተሻገርን። እናንተዬ፣ ያንን ሰው ዳማ ላይ ብታዩአቸው! ጀርባቸው ቀጥ ብሏል፤ ለአንድ ዓመት ያጎበጣቸው ጉልበታቸው ሳይሆን ቤት መዋሉ ኖሯል።

ከአስፋልቱ ማዶ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ዳማ በራሱ ጊዜ ቆመ። የድሮ ፌርማታው ነውና ጋሽ ቶላ ኮርቻውን ሁለቴ መትተው አለፍን። ትንሽ ሄድ ብሎ አንዲት ቀጭን መታጠፊያ ላይ ቆመ። መታጠፊያዋ ውስጥ ያለው አንድ ጠላ ቤት ብቻ ነው። ዳማ አንገቱን አርዝሞ ሃምሳ አለቃን ተመለከተ። ሃምሳ አለቃ ደግሞ ሐኪም ከከለከላቸው ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ ጠላ በአፋቸው እንዳልዞረ ሲምሉ የኖሩ ሰው ናቸው። "ይሄ ፈረስ ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶበት ነው" አሉ። ባለቤቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት ግን እኔ ነኝ።

ሳቄን ሳልጨርስ ዳገቱን ጀመርን። ቤተ ክርስቲያኑ ከመታየቱ በፊት፣ መንገዱ የሚጠመዘዝበት ቦታ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ቤት የለበትም፣ ሱቅ የለበትም፣ ሰው የለበትም። ዳማ ሾላው ሥር ሲደርስ ቆመ።

ባለቤቴ ግራ ተጋባ። ሃምሳ አለቃ ግን ፊታቸው በራ። "እዚህስ ወራጁ ማን ይሆን?" አሉ።

ጋሽ ቶላ አላዩኝም። ሰማይ ሰማዩን እያዩ፣ "ደክሞት ይሆናል" አሉና ኮርቻውን ሁለቴ መቱ። ዳማ አልሄደም። ዞር ብሎ አፍንጫውን ነጠላዬ ውስጥ ከተተና፣ ስወርድ ሁልጊዜ የምሰጠውን ቁራሽ ዳቦ መፈለግ ጀመረ።

ከፊቴ ማርያም፣ ከጎኔ ባሌ፣ ነጠላዬ ውስጥ ፈረስ!

"ወራጅ አለ" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

የመጀመሪያውን ዓመት ከልቤ በእግሬ ሄጃለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ጭቃው በዛና ጋሽ ቶላ ውጪ አሉኝ። በሚቀጥለው ወር ጭቃ አልነበረም፤ እኔ ግን ወጣሁ። ሾላው ጋ እወርድና፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ አቧራ የጠጣ እግሬን ይዤ ደጇ እደርስ ነበር። ጋሽ ቶላ በእነዚያ ዓመታት ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላሉም። ባለቤቴ፣ "ሰባት ዓመት ሙሉ?" አለኝ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው አይቆጠርም አልኩት፤ የመጨረሻውን ዓመትማ ጋሪ ተከልክሎ ስለነበር ሳልወድ በእግሬ ነው የሄድኩት።

ደጇ ስንደርስ ዳማ ማንም ሳያዘው ቆመ። ጋሽ ቶላን አወረድናቸው፤ በሩን ሲሳለሙ ግንባራቸውን እንጨቱ ላይ ደፍተው ቆዩ። ዳማም ከኋላቸው ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ቆሞ ጠበቃቸው። ልጃቸው ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ መልቀቅ አላነሳም፤ እንዲያውም ገብስ ሲያመጣ አይቼዋለሁ።

እኔም ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። እሳቸውም ስለትሽን እንደገና ጀምሪ አሉኝ። ጀምሬያለሁ። በየወሩ በሃያ አንድ ጋሽ ቶላ በዳማ፣ እኔ ከጎናቸው፣ ከደጄ እስከ ደጇ በእግሬ፣ አንዲት እርምጃ ሳላጎድል እሄዳለሁ። ባለቤቴ አምኖኛል። ንስሐ አባቴ አምነውኛል። እመቤቴም ታየኛለች። ዳማ ብቻ ነው እስካሁን ያላመነኝ፤ ሾላው ጋ ስንደርስ ቆሞ እስክወርድ ይጠብቀኛል።