ቀይዋ መስመር ጣሪያ ስትነካ

በየከተማው «እንደምን ሰነበቱ?» ሲሉት «ካለፈው ሳምንት ይሻላል፤ ከአምናው መጋቢት ግን ዝቅ ብሏል» ብሎ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው «ብዙ» የሚል ቃል ሲሰማ ጥርሱን ያመዋል። «ስንት? ከመቼ ወዲህ?» ይላል። የእኛ የመካነ ሰላሙ፣ ክቡር ጋሽ ይርዳው ናቸው። የሻለም ካፌ ማኪያቶ ሲዘገይባቸው አይቆጡም። ሰዓታቸውን አይተው «ባለፈው ሐሙስ በስድስት ደቂቃ ነበር የመጣ» ይላሉ። ባለካፌዋ የሻለም ይህን ከመስማት ስድብ ትመርጣለች።

ክቡርነታቸው በከተማችን አንድ ቢሮ የአቤቱታ መዝገብ ያዥ ናቸው። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ እኔም ቤት ቧንቧ አለ።

ሥራቸው ቧንቧ የተበላሸበትን ሰው መመዝገብ ብቻ ነበር። ማንም ሳያዛቸው አንድ ነገር ጨመሩ። ዓርብ ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ ሳይፈቱ ያደሩትን አቤቱታዎች ይቆጥሩና ግድግዳው ላይ በለጠፉት ወረቀት ነጥብ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ያለፈውን ዓርብ ነጥብና የዛሬውን በቀይ እስክርቢቶ ያገናኛሉ። መስመሯ በሩ አጠገብ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ ጀመረች። ወጣች፣ ወጣች፣ ወረቀት አለቀባት፤ ሌላ ቀጠሉላት። በሦስተኛው ዓመት ጣሪያ ደረሰች። ጋሽ ይርዳው መሰላል ተውሰው በኮርኒሱ ላይ አስኬዷት። ዛሬ እዚያ ቢሮ የገባ ባለጉዳይ አንገቱን ወደኋላ ጥሎ ሽቅብ ሲያይ ጸሎት ላይ ያለ ይመስላል። አብዛኛውም ነው።

ኃላፊው አቶ አስናቀው በመስመሯ በተናደዱ ቁጥር የጋሽ ይርዳው መልስ አንዲት ናት፦ «እኔ ማንንም አልወቀስሁ፤ ነጥብ ነው ያስቀመጥሁ።»

አንድ ቀን ጎረቤቴ ዘሊካ ባዶ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ቢሮው ገባች።

«አብሽሪ ዘሊካ፣ ያንቺ ዘጠኝ ወር ሞላው» አሏት ጋሽ ይርዳው።

«ያረቢ! ጋሼ፣ በዘጠኝ ወርማ ልጅ ይወለዳል!»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን ከፊትሽ ዓመት ያለፋቸው ሠላሳ አንድ አሉ። አምና ይህን ጊዜ አርባ ነበሩ።»

ዘሊካ ጀሪካኗ ባዶ፣ ልቧ ግን ጠብ ብሎላት ወጣች። ውሃ ባታገኝም ተራ አላት።

ባለፈው ወር ታዲያ፣ ሰኞ ከደሴ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። አቶ አስናቀው መጀመሪያ የአቤቱታ መቀበያውን በር ቆለፉ፤ አዲስ ካልገባ መስመሯ አትወጣም ብለው። እውነትም አልወጣችም። ጋሽ ይርዳው ግን ከነጥቧ ሥር በደቃቅ ጽሑፍ «በሩ የተቆለፈበት ሳምንት» ብለው ጻፉ። ያኑ ዓርብ ማምሻውን ኃላፊው ራሳቸው መጡ። በር ስለተቆለፈብኝ እኔ በመስኮት ቆሜ እሰማለሁ።

«ጋሼ፣ እስከ ሰኞ ይቺ ነገር መሬት ትንካ። ሁሉንም ‹ተፈቷል› ብለው ይፈርሙ። አለዚያ ከሰኞ ጀምሮ ሥራዎ ግምጃ ቤት ነው።»

«ሁለት መቶ አርባ ሰባቱንም?»

«ሁሉንም!»

«ለዘሊካ ውሃ መጣላት?»

«በወረቀት መጣላት።»

«እንግዲያው በወረቀት ትጠጣው» አሉና እስክርቢቷን ከደኑ።

ግምጃ ቤቱ የዛገ ቱቦና የአይጥ አገር ነው። ጋሽ ይርዳው እዚያ ቢገቡ በሳምንቱ የአይጦቹን መስመር ያወጣሉ፤ የኛን ግን ማን ይቆጥራል? ሮጬ ወሬውን ካፌ አደረስሁት። ጅዳ ስምንት ዓመት ቧንቧ ሲጠግን ኖሮ የተመለሰው ሁዜይፋ ብድግ አለ። «ወላሂ እኛው እናወርዳታለን! መስመሯ ስትጀምር የተቆጠረው የመጀመሪያው አቤቱታ የማን ነው? ከሱ እንጀምር» አለ።

ተያይዘን ሄድን፤ በመስኮት ለምነን አስከፈትን፤ በጉልበታችን ተንበርክከን የመስመሯን ጭራ ፈለግን። ከመጀመሪያዋ ነጥብ ጎን እንዲህ ይላል፦ «ቁጥር አንድ። ይርዳው። የቤት ቧንቧ።» ሦስት ዓመት ከሁለት ወር!

«ጋሼ! እርስዎ ቤት ውሃ የለም?» አለ ሁዜይፋ።

አቀረቀሩ። «እኔማ ቢሮ ስገባ ፊቴን እታጠባለሁ። ሌላው የት ይታጠብ? ሠራተኛ ሲገኝ ወደ ሌላው እሰደዋለሁ።»

ሦስት ዓመት ስንስቅባቸው የኖርን ሰዎች እርስ በርስ መተያየት አቃተን። ቅዳሜ ማለዳ ዶማ ያለው በዶማ፣ አካፋ ያለው በአካፋ ደጃቸው ላይ ተሰለፍን። የሻለም እንኳ ካፌዋን ዘግታ መጣች። ሁዜይፋ እንደ ጄኔራል አዘዘን። ረፋዱ ላይ ውሃው ፈንድቶ ወጥቶ ሁላችንንም እስከ ወገባችን አጠበን፤ ዘሊካ እልልታዋን አቀለጠችው። ጋሽ ይርዳው ዓይናቸውን ጠርገው ሰዓታቸውን አዩ። «ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጀ» አሉ።

ሰኞ ተቆጣጣሪዋ ገባች፤ ሽቅብ አየች፤ አፏን ከፍታ ቀረች። አቶ አስናቀው ቀደም አሉና «ቅዳሜን እንኳ ሳናርፍ አንድ አቤቱታ ፈተናል!» አሉ።

«ቢሮው አልፈታውም» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ሰፈር የፈታው በሌላ ቀለም ነው።» ከደረት ኪሳቸው አረንጓዴ እስክርቢቶ መዝዘው፣ ተንበርክከው፣ ወለሉ አጠገብ አንዲት ነጥብ አስቀመጡ። «ማንንም አልወቀስሁ።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያ «ይቺ መስመር በየወሩ ደሴ ትላክልኝ። ላኪውም እኒሁ ሰው ይሁኑ» አለች። ግምጃ ቤቱ ለአይጦቹ ቀረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የዘሊካን ቆፈርን፤ ከዚያ ወዲህም መቆፈሩን አላቆምንም። አሁን ቀይዋ ከኮርኒሱ ወርዳ ግድግዳው ላይ ናት፤ አረንጓዴዋ ሽቅብ ይዛለች፤ የእኔ መዳፍ ደግሞ ውሃ ቋጥሯል።

ይህን ስጽፍ ጋሽ ይርዳውን ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል። ዛሬም ልጠይቃቸው ሄጄ አጠገባቸው አንድ ሰዓት ተቀመጥሁ። ዐሥራ አራት ጊዜ አሳላቸው። ትናንት በዚሁ ሰዓት ሃያ ሁለት ነበር። አልሃምዱሊላህ፣ እየወረደ ነው።