በሽንኩርት መንገድ የጠፋው ሰንጋ

እኛ አገር ፊቱን ተከናንቦ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ብርድ የያዘውና ሐዘን የያዘው። ሦስተኛ ዓይነት ካያችሁ ቶሎ ብላችሁ በጎቻችሁን ቁጠሩ።

ብርዱንማ አታንሱብኝ። እኛ ደጋ፣ ጓሳ ላይ በማለዳ ያስነጠሰ ሰው «ይማርህ» የሚባለው ቀትር ላይ ነው፤ እስከዚያ ማስነጠሱ ራሱ አይቀልጥም። አላመናችሁም? ኑና አስነጥሱ።

ለማንኛውም የተናደድኩት በብርዱ አይደለም። በሦስተኛው ዓይነት ሰው ነው። እሱንም በዓይኔ አላየሁትም፤ ንዴቴን ያባሰውም ይኸው ነው። ፊት የሌለውን ሰው የቱ ላይ በጥፊ ልበለው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ጌታነህ ቀየት ከተማ ላይ ስልክ ይጠግናል። በትርፍ ጊዜው ደግሞ በኮምፒውተር ለውጭ አገር ሰዎች ሥዕል ይሠራል። እነሱም ክሪፕቶ በሚሉት ገንዘብ ይከፍሉታል። የማይጨበጥ፣ የማይታጠፍ፣ ምራቅ ተቀብቶ የማይቆጠር ገንዘብ ነው። የት ነው የምታስቀምጠው ስለው «ዋሌት ውስጥ» አለኝ። ዋሌት ማለት የኪስ ቦርሳ ነው አሉ። ቦርሳው የታለ? ኢንተርኔት ላይ። ኪሱስ? ኪስ የለውም። ይታያችሁ፣ ኪስ የሌለው ገንዘብ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይዤ የዞርኩት ገንዘብ የሌለው ኪስ ነው።

ይህ ልጅ የአያ ደምሴን ልጅ ዘነበችን ሊያገባ ፈለገ። ሽማግሌ ሆነን ሄድን። አያ ደምሴ ገና ሳንቀመጥ ልጃችሁ ምን አለው አሉ። እኔም ጌታነህ እንዳስጠናኝ፣ ሀብቱ ደመና ላይ ነው አልኩ። አያ ደምሴ ወደ ሰማይ አንጋጠጡ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የእኔም ተስፋ በሰማይ ነው፤ የሰርግ ሰንጋ ግን በምድር ነው የሚሄድ» አሉ።

በዚሁ ተስማማን። ጌታነህ ከዚያ ከደመናው ገንዘብ አውጥቶ አንድ የሰባ ሰንጋ ሊገዛ፣ ሰንጋው ደጅ ካልቆመ ሙሽራዋ ከቤት ላትወጣ። የሰርጉ ቀን ከፋሲካ በኋላ ተቆረጠ።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። መንዜ የሰባ በሬውን ለእንግዳ አያሳይም፤ ዓይን አለ። ጌታነህም የተማረ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ገንዘቤን ዓይን ይበላብኛል ብሎ ፈራ። የቀየት ሰው ሁሉ ግድግዳውን ዘልቆ ዋሌቱን የሚያይበት መሰለው። ስለዚህ ወደ ዋሌቱ በስውር መንገድ መግባት ጀመረ። ቶር ይሉታል። እኔ ጦር ያለኝ መስሎኝ «የማን ጦር? ከየት በኩል?» ብዬ ዱላዬን አንስቼ ነበር።

«አይ ጋሼ፣ ሽንኩርት ማለት ነው» አለኝ።

ከጦር ወደ ሽንኩርት! ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው። መልእክትህን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ላይ ይጠቀልሉታል። ከዚያ ሦስት ተሸካሚዎች ይቀባበሉታል። ፊተኛው ከማን እንደመጣ ያውቃል፣ ወዴት እንደሚደርስ አያውቅም። መካከለኛው ምንም አያውቅም። የመጨረሻው ልጣጩን ጨርሶ ልጦ ከደጃፉ ያደርሰዋል፤ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም።

«መልካም። ያ የመጨረሻው የማን ልጅ ነው?» አልኩት።

«አይታወቅም። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ተሸካሚ መሆን ይችላል።»

«አገሩስ?»

«ጋሼ፣ እንደሱ አይጠየቅም እኮ! ጥቅሙ አለመታወቁ ነው።»

እንዴት አልናደድ! እኛ እኮ ውኃ የለመነን መንገደኛ እንኳ ቅሉን ሳይቀበል እስከ ሰባት ቤት አያቱን ይቆጥራል። አንዱ አምስተኛ አያቱ ላይ ሲደርስ ዝናብ መጥቶለት አፉን ከፍቶ ጠጥቶ ሄዷል። ደግሞ አምና ቀየት ገበያ ጀርባ አንድ የተከበሩ ሰው ስልካቸውን በሁለት እጃቸው አንቀው «የማን ልጅ ነህ አንተ! ስምህን ተናገር!» እያሉ ሲጮኹ አግኝቻቸዋለሁ። ስልኩ አልመለሰላቸውም። ማን እንደሆኑ አልነግራችሁም። ሐሜት አልወድም፤ ብወድም በልክ ነው።

ለጌታነህ የአባቴን ቅቤ ነገርኩት። አባቴ ከራቤል ለእህቱ አንድ ቅል ቅቤ በአደራ ይልካል። ሦስት ሰዎች ተቀባበሉት። ቅሉ ስሙን መስሎ፣ ቀሎ ደረሰ። ፊተኛው ማለ። መካከለኛው ማለ። የመጨረሻው ሊምል እጁን ሲያነሳ ፀሐይ ወጣችና ቅቤው ከፀጉሩ ቀልጦ በግንባሩ፣ በአፍንጫው፣ በአገጩ እየወረደ መሐላውን አቋረጠው። ዝንብ የጓሳን ብርድ ችላ ስትመጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አየህ፣ የበላው የመጨረሻው ነው። የያዝነውም ፀጉር ስለነበረው ነው። ያንተ የመጨረሻ ሰውዬ ፀጉር አለው?» አልኩት።

ሳቀብኝ። ልጣጩ ቢያልቅም ዕቃው ራሱ እንደታሸገ ነው የሚሄደው፣ ማኅተሙ ካልተነካ ተሸካሚው ውስጡን አያይም አለኝ። እሺ፣ ይሁን። ማኅተሙን የሚያይ ዓይን ካለህ ነዋ!

ሰንጋው የሚገዛበት ሰሞን ደረሰ። ጌታነህ በሽንኩርቱ መንገድ ወደ ዋሌቱ ሲገባ፣ ስልኩ «ተጠንቀቅ፣ የዚህ ቤት ማኅተም አይታመንም» ብሎ ጻፈለት። ልጄ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ቢታመም ነው ብሎ «ቀጥል» የሚለውን ነካ። ያ የመጨረሻው ተሸካሚ ለካ ወደ ሌላ ቤት ኖሯል የወሰደው። በሩ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ሰላምታው ያው። ምሥጢር ቃልህን አሉት፤ ሰጠ። በማግሥቱ ቦርሳው እንደ እኔ ኪስ ሆነ።

ከዓይን ሸሽቶ እጅ ላይ ወደቀ።

ለዋሌቱ ባለቤቶች አቤት አለ። እነሱም የገባው ምሥጢር ቃል ትክክለኛ ነው፣ አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ከየት እንደምትመጣ ደብቀህ ነው የምትገባው፤ ሌባው አንተ ራስህ ላለመሆንህ ምን እናውቃለን አሉት። እውነታቸውን ነው። እኔን እርር ያደረገኝም እውነታቸው መሆኑ ነው! ተከናንበህ ገብተህ ተዘርፈህ ስትወጣ፣ ማን ይለይህ? ባንክ ቢሆን ሄደህ ጠረጴዛ ትደበድባለህ። ደመና አይደበደብ።

አያ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ቤታቸው ድረስ አስጠሩኝ።

«በልጄ ሰርግ የሽንኩርት ልጣጭ ልትጥሉልኝ ነው? ለዚህ ሞኝ ልጅ የለኝም!» አሉ።

ዘነበች ከጓዳ «አባዬ፣ እኔ ሰንጋ አላገባ፤ ጌታነህን ነው» አለች።

«ዝም በይ! ወይ ሌባው ይውጣ፣ ወይ ሰርጉ ይፍረስ። አውጫጭኝ ይጠራ!»

አውጫጭኝ ማለት የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሌባው ሳይወጣ ማንም ቤቱ የማይገባበት ሸንጎ ነው። ቀርቷል ይላሉ። እኛ ዘንድ የቀረ ነገር ሁሉ ስንናደድ ይመለሳል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ዳኛው የደብሩ መሪጌታ ሆኑ።

«ሌባው ባሕር ማዶ ቢሆንስ?» አለ አንዱ።

«በቀረ ላይ መቀጫ ይጣላል!» አሉ አያ ደምሴ።

በአውጫጭኝ ደግሞ «ወፍ» የምትባል አለች። ያየችውን ለዳኛው በጆሮው የምትነግር፣ ስሟ የማይጠራ ምስክር ናት። ማን መሆኗን ሕዝቡ አያውቅም፤ ዳኛው ግን እስከ አያቷ ያውቃታል። ወፏ እንዳትለይ ሁላችንም ተራ በተራ እየቀረብን መሪጌታ ጆሮ ላይ አንሾካሾክን። ብርዱ በርትቶ ስለነበር ግማሹ ሰው ያንሾካሾከው ስለ ብርዱ ነው።

በመጨረሻ መሪጌታ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወፍ እንዲህ ትላለች። ሌባውን አላየሁም። ነገር ግን አምና ለዘመድ ተዝካር ተብሎ የተሸጠው የአያ ደምሴ ሰንጋ ገንዘቡ ተዝካር አልደረሰም። በእጥፍ ይመለሳል ተብሎ በስልክ ገባ፤ ስም ለሌለው ሰው ተሰጠ፤ በዚያው ቀረ።»

ጽዱ እንኳ መወዛወዙን ተወ። አያ ደምሴ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ያን ጊዜ ዘነበች ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«አባዬ፣ የዚያን ተዝካር ጠላ ማን ጠጣው ታዲያ?»

የሳቁ ነገር አይወራም። ቀየት ድረስ ተሰምቶ ሰው ነጎድጓድ መስሎት የተሰጣ ገብስ አስገብቷል አሉ።

አያ ደምሴ ከዚያ ወዲያ ማንን ሞኝ ይበሉ? ሰርጉ በቀኑ ሆነ። ሰንጋ አልነበረም፤ ሙክት ታረደ፤ ሙክቶቹም የአያ ደምሴ ነበሩ። የጌታነህ ገንዘብ እንደሄደ ቀረ። አሁን ወደ ዋሌቱ በግልጹ መንገድ፣ ማኅተሙን አይቶ ነው የሚገባው፤ ስልኩ «ተጠንቀቅ» ካለው ከቤት ወጥቶ ያማትባል።

አያ ደምሴ ግን አላረፉም። ቤት ለቤት እየዞሩ «ወፏ የማን ልጅ ናት?» ይላሉ። እኔም ዘንድ መጡ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የተናደድኩት! እንዴት ይጠየቃል? ስም ካልተደበቀ ማን ደፍሮ እውነት ይናገራል? የወፍ ጥቅሟ አለመታወቋ አይደለም ወይ? ብዬ ጮኽኩባቸው።

አያ ደምሴ ትክ ብለው አዩኝ።

«አንተስ ያን ቀን ምን ሆነህ ነው እስከ አፍንጫህ የተከናነብከው?» አሉኝ።

ብርድ ነዋ! እኛ አገር ፊቱን የሚከናነብ ሰው ሁለት ዓይነት ነው አላልኳችሁም? እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሐዘን የለብኝም።